ስለ ማርና ስለ ብረት
ሴት ተማሪዎቻችንን ከደም ማነስ ስለ መጠበቅ
(ጁባ በተደረገው የመምህራን ስብሰባ ላይ የተነገረ)





«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ ማር ለመናገር ነው፤ ነገር ግን ከቃሌ ውስጥ ጥቂቱ እንደ እሬት የሚመር ስለ ሆነ አስቀድሜ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ከኢትዮጵያ ወጥተን በዚህ ከተማ የምናስተምር ሁላችን ማርን እንወዳለን፤ ከልጅነታችንም ጀምሮ መድኀኒት ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ስለዚህ ማር የማይችለውን ነገር ስናገር የእናቴን ጓዳ የምነቅፍ መስሎ ይሰማኛል። ቢሆንም አንድ አስተማሪ የተሳሳተበትን ነገር በባልደረቦቹ ፊት ካልተናገረ ስሕተቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ይህ ጉዳይ የሐኪም እንጂ የአስተማሪ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ዳሩ ግን ደም ያነሳት ልጅ ሐኪም ዘንድ ከመቅረቧ በፊት ለብዙ ወራት የምትቀመጠው በእኛ ፊት ነው። ሐኪሙ የሚያያት ለሩብ ሰዓት ቢሆን፥ እኛ የምናያት በየቀኑ አምስትና ስድስት ሰዓት ነው። አይተን ካላስተዋልን ጥፋቱ የእኛ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በዚህች በነጭ ዓባይ ዳር ባለች ከተማ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሠልጣኝ ነበረችኝ። ስሟን አልናገርም። በመጀመሪያው መንፈቅ ከጓደኞቿ ሁሉ ቀድማ እጇን የምታነሣ ልጅ ነበረች። በሁለተኛው መንፈቅ ግን ገና ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ራሷን በክንዷ ላይ ማስደገፍ ጀመረች፤ ደረጃ ስትወጣ በመካከሉ ቆማ ትተነፍሳለች፤ ስጠይቃት ጥያቄውን እንድደግምላት ትለምነኛለች። እኔም ማታ ማታ የት እያመሸች ይሆን ብዬ በልቤ ጠረጠርኳት። በመንፈቁ መጨረሻ በውጤት ደብተሯ ላይ «ስንፍና አለባት፤ ትጋት ይጎድላታል» ብዬ በቀለም ጻፍኩና ፊርማዬን አኖርኩበት።

እናቷ ደብተሩን አስነብባ ከሰማች በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። በእጇ በውሃ ጠርሙስ የተሞላ ማር ይዛ ነበር። «ኡስታዝ፥ ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ ደም አንሷት ነው። ይኸው ማር እየገዛሁ እሰጣታለሁና ጥቂት ይታገሷት» አለችኝ። እኔም፥ «መልካም አድርገዋል እናቴ፤ ማሩን አያቋርጡባት» ብዬ መለስኩላት። እናቲቱ በሽታውን በትክክል አውቃዋለች፤ ያልታወቃት መድኀኒቱ ብቻ ነበር። እኔ ግን የተማርኩት ሰው፥ በሽታውንም አላወቅሁም፥ መድኀኒቱንም አላወቅሁም።

ለሦስት ወራት ያህል ማሩ አልተቋረጠም። ከዚያም ሠልጣኞቹ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወጡበት ቀን፥ ያች ልጅ ጠመኔ በእጇ እንደ ያዘች በሕፃናቱ ፊት ወደቀች። ሕክምና ቤት ወስደን ደሟ ሲመረመር ቢያንስ 12 መሆን የሚገባው ቁጥር 7 ሆኖ ተገኘ፤ ወባም በደሟ ውስጥ ታየ። ሐኪሙ እስከ ዛሬ ምን እየተደረገላት እንደ ነበረ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እንግዲህ ይህ ቁጥር ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ቀይ ነገር አለ፤ ሥራው አየር ከሳንባ ተቀብሎ ወደ መላው አካል ማድረስ ነው። ይህ ነገር ያለ ብረት አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በወሰነው መሠረት ባንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ፥ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ያልሆነችው ከ8 ግራም በታች ስትወርድ ጽኑ ነው ይላሉ። የዚያች ልጅ 7 ነበር። አየሩ ወደ አንጎሏ በሚገባው መጠን ሳይደርስ እኔ ስለ ትምህርት ዘዴ አስረዳት ነበር።

በአንዲት ጤነኛ ሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ሁለት ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ከአንዲት አነስተኛ ምስማር አይበልጥም። ወንድ ከዚህ ሀብት የሚያጣው ጥቂት ነው። ሴት ልጅ ግን ልማደ አንስት ከጀመራት ጊዜ አንሥቶ በየወሩ ከዚህ ላይ ታወጣለች፤ በዚያው ዕድሜ ደግሞ ቁመቷ ይጨምራል፥ አካሏም ይሰፋልና ተጨማሪ ደም ያስፈልጋታል። ገቢው ሳይጨምር ወጪው በሁለት በኩል የበዛበት ቤት ምን እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን። በዚህ ላይ ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲያፈርስ፥ መንጠቆ ትል የሚባለውም በአንጀት ተጣብቆ ደም ሲመጥ፥ ልጅቱ በሦስትና በአራት በኩል ትከስራለች። ብዙዎቻችን ወንዶች መምህራን ስለ ወር አበባ በክፍልም ሆነ በጉባኤ ማንሣት እናፍራለን። ዕፍረታችን ለልጆቹ ምንም አልጠቀማቸውም።

ነገሩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በገመተው መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የዓለም ሴቶች ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ደም ያነሳቸው ናቸው። በአገራችን በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በዚሁ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶ 24ቱ ደማቸው አንሶ ተገኝቷል፤ በአዲስ አበባ ከመቶ 16 ሲሆን በሶማሌ ክልል 59 ደርሷል። በዚያው አገር በ2011 ቁጥሩ 17 ስለ ነበረ፥ ነገሩ ከመሻሻል ይልቅ ወደ ኋላ መመለሱን እናያለን።

አሁን ወደ ማሩ እመለሳለሁ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የበለጠ ማር የምታመርት አገር ናት፤ እዚህም በኢኳቶሪያ ጫካዎች የሚቆረጠው ማር ወደ ጁባ ገበያ ይመጣል። ማር ክቡር ምግብ ነው። ነገር ግን ቢመረመር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፤ ዐሥራ ሰባት ያህሉ ውሃ ነው፤ የቀረው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ባንድ መቶ ግራም ማር ውስጥ የሚገኘው ብረት ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ጠቆር ያለው ማር ከነጩ ጥቂት ይበልጥ ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን ነገሩን አይለውጠውም። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን ከምትበላው 15 ሚሊግራም ብረት፥ ከዚያ በላይ ያለች ወጣት ሴት ደግሞ 18 ሚሊግራም ማግኘት ይገባታል ይላሉ ሊቃውንቱ። ሒሳቡን እንደ ሒሳብ አስተማሪ እናውጣው። ያች ልጅ የቀኑን ብረቷን ከማር ብቻ ታግኝ ብንል፥ በየቀኑ ከሦስት ኪሎ በላይ ማር መብላት ይኖርባታል። እናቷ ትሰጣት የነበረው በቀን ሁለት ማንኪያ ነበር።

በዚህ ስሕተት እናቲቱ ብቻዋን አይደለችም። እኛም አገር ቀይ ሥር ቀለሙ ደም ስለሚመስል ደም ይተካል ይባላል፤ በውስጡ ያለው ብረት ግን ባንድ መቶ ግራም ከአንድ ሚሊግራም አያልፍም። ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም ተብሎም ይነገራል። ይህኛው ከፊሉ እውነት ነው። የስዊድኑ ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው የኢትዮጵያ ባላገር ከምግቡ የሚያገኘው ብረት እጅግ ብዙ ነበር። ዳሩ ግን ጤፉ በአውድማ መሬት ላይ ሲወቃ አፈር ስለሚቀላቀልበት፥ ከዚህ ብረት ብዙው የአፈር ብረት ነው፤ አንጀትም በቀላሉ አይቀበለውም። ብረት በሆድ ውስጥ መግባቱና ደም ውስጥ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ቃል በተለይ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ወጣት ሴቶችን ስለ ደም ማነሳቸው በሐሰት መክሰስም አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የገረጡና የደከሙ ልጃገረዶች «አረንጓዴ በሽታ» ያዛቸው እየተባለ፥ አንዳንዱ የፍቅር ናፍቆት ነው ሲል፥ ሌላውም ትዳር ብቻ ያድናቸዋል ይል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲድናም በ1681 የብረት ፍቅፋቂ በወይን ጠጅ ዘፍዝፎ መስጠትን አስተማረ፤ ፈረንሳዊው ፒየር ብሎ ደግሞ በ1832 የብረት ኪኒን አዘጋጀ። ልጃገረዶቹ ብረቱን ሲያገኙ ዳኑ። እነርሱን «ናፍቆት ያዛት» ያለው ሰውና ተማሪዬን «ስንፍና አለባት» ያልኳት እኔ ስሕተታችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም የሥጋን ጉድለት የጠባይ ጉድለት አደረግነው።

እንግዲህ መድኀኒቱ ብረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ ከመቶ ሃያና ከዚያ በላይ ሴቶችን በያዘበት አገር፥ የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን 60 ሚሊግራም የጠራ ብረትና 2.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን እንዲወስዱ ይመክራል፤ ሦስት ወር ከተወሰደ በኋላ ሦስት ወር ዕረፍት ይሆናል፤ ከዚያም ይቀጥላል። ከመቶ አርባና ከዚያ በላይ በሆነበት ስፍራ ደግሞ በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት፥ በዓመት ለሦስት ተከታታይ ወራት እንዲሰጥ ይላል። ሕንድ ከ2013 ወዲህ ሳምንታዊውን ኪኒን በትምህርት ቤት ታድላለች፤ በብዙ ስፍራ ቀኑ ሰኞ ስለ ሆነ፥ ኪኒኑም ሰማያዊ ስለ ሆነ፥ ልጆቹ አይረሱትም። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ለመከላከል ነው። ደሟ አስቀድሞ ያነሰ ልጅ በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ መታከም አለባት። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው መቶ ሃያ ቀን ያህል ነውና፥ ደም ተሠርቶ ጎተራው እስኪሞላ ድረስ ወራት ያስፈልጋል። ባንድ ሳምንት ተሻለኝ ብላ ብትተወው ወደ ነበረችበት ትመለሳለች።

ታዲያ ማር ከዚህ ምን ድርሻ አለው? አለው። የብረት ኪኒን በአፍ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ሆድ ያቅራል፥ ያቅለሸልሻል፥ አንዳንዷንም ያደርቃታል። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። በብርጭቆ ውሃ ሎሚ ጨምቆ፥ አንድ ማንኪያ ማር በጥብጦ በዚያ ኪኒኑን ማስዋጥ ነገሩን ያቀለዋል። ሎሚው ራሱ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፤ ማሩ ደግሞ ልጅቱ በሚቀጥለው ሳምንት ፊቷን ሳታዞር እንድትመጣ ይረዳል። በኢንዶኔዥያ ከብረት ኪኒን ጋር ማር ለልጃገረዶች እየሰጡ የሞከሩ አሉ፤ መልካም ውጤትም አግኝተናል ብለዋል። ነገር ግን ሙከራዎቹ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረጉ ስለ ሆኑ ብዙ አንመካባቸውም። በእኔ አስተያየት ብረት ሙሽራ ነው፤ ማር ግን ሚዜ ነው። ሚዜ ሠርጉን ያሳምራል፤ ብቻውን ቢመጣ ግን ሠርግ የለም።

ስለ ማር ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የስኳር በሽታ ላለባት ልጅ ሐኪም ሳይፈቅድ ማር አይሰጣት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ፈጽሞ አይሰጠው፤ ሕፃኑን እስከ መግደል የሚያደርስ መርዝ በአንጀቱ ሊፈጠር ይችላልና። ይህን የምለው ከሠልጣኞቻችን መካከል እናቶች ስላሉ ነው።

ስለ ብረቱም ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በጁባ ወባ ዓመቱን ሙሉ አለ። በዛንዚባር በፔምባ ደሴት በሕፃናት ላይ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ወባ በበዛበት ስፍራ ብረት የተሰጣቸው ሕፃናት ሆስፒታል መግባታቸውና መሞታቸው ስለ በዛ፥ የብረቱ አሰጣጥ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ሆኗል። ያ ጥናት የተደረገው በትንንሽ ሕፃናት እንጂ በወጣት ሴቶች ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም የሚሰጠን ትምህርት ግልጽ ነው። ብረት ከአልጋ አጎበርና ከወባ ምርመራ ተለይቶ መሰጠት የለበትም። ትኩሳት ያላት ልጅ አስቀድማ ትመርመር፥ ትታከምም። ደግሞም ደም ማነስ ሁሉ ከብረት ማጣት አይመጣም፤ ከወላጆች የሚወረስ፥ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ በሽታም በዚህ አገር አለ። ስለዚህ በጽኑ የደከመች ልጅ በእኛ ግምት ሳይሆን በሐኪም ምርመራ ትታይ። ኪኒኑን የወሰደች ልጅ ሰገራዋ ሊጠቁር እንደሚችል አስቀድሞ ይነገራት፤ ሳይነገራት ካየችው ደንግጣ ትተወዋለች። የተረፈውም ኪኒን ታናናሽ ወንድሞቿና እኅቶቿ በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ሕፃን ብዙ ቢውጠው ይገድለዋል።

ኪኒን በጠፋ ጊዜም ምግብ አለ። ያች እናት ለማር ያወጣችው ገንዘብ፥ በዚሁ በጁባ ገበያ ደረቅ ዓሣ፥ የፍየል ጉበት፥ ባቄላና ኩድራ የሚባለውን ቅጠል በገዛላት ነበር። የሥጋና የዓሣ ብረት በቀላሉ ደም ውስጥ ይገባል፤ የቅጠልና የጥራጥሬ ብረት ግን አጋዥ ይሻል፤ አጋዡም ሎሚ፥ ዘይቱን፥ ማንጎ ነው። እነዚህ ሁሉ በዚህ ከተማ አሉ። በአንጻሩ ከየዛፉ ሥር በርጩማ አቅርበው ሻይ የሚያፈሉትን ሴቶች ሁላችን እናውቃቸዋለን። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከቅጠልና ከእህል የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ያስቀራል፤ ቡናም ከእርሱ ቢያንስ እንጂ ንጹሕ አይደለም። ሻይ ይቅር አልልም፤ እኔም እጠጣለሁ። ከምግብና ከኪኒን በኋላ አንድ ሰዓት ይዘግይ እላለሁ።

የትምህርት ቤት ኀላፊዎችንና መምህራንን የምለምነው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ከጤና ሠራተኞች ጋር ተስማምታችሁ በሳምንት አንድ የታወቀ የኪኒን ቀን ወስኑ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ፥ የሚያምኗት ሴት መምህር ባለችበት፥ በሎሚና በማር ውሃ ይዋጡት። ወደ ቤት ይዘው የሚሄዱት ኪኒን ብዙ ጊዜ በቦርሳ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛ፥ ምልክቶቹን እንወቅ። የታችኛው የዐይን ሽፋን ውስጡ ሲገረጣ፥ መዳፍ ሲነጣ፥ በጥቂት ርምጃ ትንፋሽ ሲያጥር፥ ራስ ሲያዞር፥ አፈር መብላትም ሲያሰኛት፥ እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ነገር አላቸው።

ሦስተኛ፥ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ይህ ነገር ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ይሰጥ። ነገ በየመንደሩ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸውና።

አራተኛ፥ በማንኛዋም ልጅ ደብተር ላይ ስንፍና የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት፥ «ጤናሽ እንዴት ነው? ዛሬ ምን በላሽ? ወባ ይዞሽ ነበርን?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከመንግሥትም ሆነ ከረድኤት ድርጅት ፈቃድ አይሻም።

ያች ልጅ ወባዋን ታክማ፥ ብረቱን በሐኪም ትእዛዝ ለወራት ወስዳ ዳነች። ዛሬ አስተማሪ ናት። ትምህርቷን ስትጨርስ የውጤት ደብተሯን ለመፈረም ሲያመጡልኝ የጻፍኩትን ቃል እንደገና አየሁት። ልፋቀው ብዬ ምላጭ አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ይቀደዳል፥ ፍቅፋቂውም የባሰ ያጠራጥራል ብዬ ተውሁት። ከሥሩ፥ «ታማ ነበር፤ መምህሯ አላወቀም» ብዬ ጻፍኩና ሁለተኛ ፈረምኩ። እርሷ አንብባ ዝም አለች። እናቷም እንደ ልማዷ አንድ ጠርሙስ ማር አምጥታልኝ ነበር፤ ተቀብዬ አመሰገንኳት፤ ከቤተሰቤም ጋር በደስታ በላነው።

የእኔ ተማሪ ወድቃ ተነሣች። ሳትነሣ የቀረች፥ ደብተሯም በእኛ እጅ «ሰነፍ» ተብሎ የተዘጋ ስንት ልጅ እንዳለች ግን እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንመለስ እንድናስብ እለምናለሁ።